በነጠላ ሐዲድ ላይ ባቡሮች እንዳይጋጩ፦ የቁጥጥር ዘዴዎች ንጽጽር

በነጠላ ሐዲድ ላይ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ሁለት ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት ጣቢያ ውስጥ ብቻ ነው። ከጣቢያ ውጭ ከተገናኙ ዳር መያዝ የለም። የጭነት ባቡር ፍሬን ከተያዘበት ቦታ እስኪቆም ብዙ መቶ ሜትር ስለሚሄድ፣ ነጂው በዓይኑ አይቶ ሊያመልጥ አይችልም። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ከፊቱ ያለው መስመር የእሱ ብቻ መሆኑን ማወቅ አለበት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የተፈጠሩት ዘዴዎች ሁሉ ይህን እርግጠኝነት ለነጂው ለመስጠት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ጉዳዩ የእኛም ነው። በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከሰበታ እስከ አዳማ በጥንድ ሐዲድ ሄዶ፣ ከአዳማ ወዲያ በነጠላ ሐዲድ ይቀጥላል። ይህ ንጽጽር የባቡር ምህንድስና ለሚማሩ፣ አጭር የፋብሪካ ወይም የቱሪስት መስመር ለሚያቅዱ፣ እንዲሁም ዘመናዊው ሲግናል ሲበላሽ በምን እንደሚሠራ የመጠባበቂያ ደንብ ለሚጽፉ ይጠቅማል። የመጨረሻዎቹ በተለይ አሮጌዎቹን ዘዴዎች በደንብ ማወቅ ይኖርባቸዋል፤ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቀን የሚመለሱት ወደ እነሱ ነውና።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ይለፉ ያለበት ቦታ ነው። ባቡሩን “ሂድ” የሚለው ፈቃድ የሚገኘው በሰው ትውስታ ነው? በወረቀት? በእጅ በሚያዝ ዕቃ? ወይስ በኤሌክትሪክ ዑደት? የደከመ ወይም የተቻኮለ ሰው ስህተት ሲሠራ የሚያስቆመው ነገር መኖሩና አለመኖሩ ከዚህ ይታወቃል። አንድ ዘዴ ይህን ፈተና ካላለፈ በሌሎቹ ቢበልጥም ዋጋው ትንሽ ነው።

ቀጥሎ የባቡሩ ፍሰት ይታያል። በምርት ወቅት ከአንድ ወገን አራት ባቡር ተከታትሎ ቢነሳ ዘዴው ይችለዋል? የመስመሩን አቅም የሚወስነው ረጅሙ ክፍል (በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለው ሐዲድ) መሆኑም አይረሳ። ክፍሎቹ 8፣ 9 እና 20 ኪሎ ሜትር ቢሆኑና ባቡሩ በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 20ው ኪሎ ሜትር ብቻውን 30 ደቂቃ ይወስዳል። ለይለፍ ቅብብሉ 4 ደቂቃ ሲጨመር በሰዓት ሁለት ባቡር እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ መሣሪያ መቀየር ብዙ አይጠቅምም፤ ክፍሉ መሃል ላይ አንድ መተላለፊያ ጣቢያ መጨመር ግን አቅሙን በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል።

ሦስተኛው የሰው ኃይል ነው። ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነ ጣቢያ በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል፤ አንድ ሰው በሳምንት ከ40 እስከ 48 ሰዓት ቢሠራ ለአንድ ወንበር አራት ሰው ግድ ነው። አሥር ጣቢያ ማለት 40 ደመወዝ ማለት ነው። መሣሪያ አንዴ ይገዛል፣ ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል። ከዚህ በኋላ የሚታዩት የሽቦና የመሣሪያ ወጪ፣ ጠጋኝ በቅርብ መገኘቱ፣ በመጨረሻም ባቡር መንገድ ላይ ሲበላሽ ወይም ሲዘገይ ሥራው የሚቀጥልበት መንገድ ናቸው።

አንድ ባቡር ብቻ

ቀላሉና ሊሳሳት የማይችለው ዘዴ መስመሩ ላይ ከአንድ በላይ ሎኮሞቲቭ አለማስገባት ነው። በብሪታንያ ቅርንጫፍ መስመሮች ነጂው የክፍሉ ስም የተቀረጸበት አንድ በትር ይይዛል። በትሩ የሌለው ወደ ክፍሉ አይገባም። በትሩ ጫፍ ላይ ቁልፍ ከተሠራለት መንገድ ላይ ያሉትን የጎን ሐዲድ መቀየሪያዎች የሚከፍት እሱ ብቻ ስለሚሆን፣ ለጥበቃ ሌላ ሠራተኛ አያስፈልግም።

አቅሙን ማስላት አይከብድም። 12 ኪሎ ሜትር መስመር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄዱበት 24 ደቂቃ ይፈጃል። በየጫፉ ሎኮሞቲቩን ለማዞር 10 ደቂቃ ቢወሰድ ደርሶ መልሱ 68 ደቂቃ ይሆናል፤ በ14 ሰዓት የሥራ ቀን 12 ደርሶ መልስ ነው። ይህ ከበቃችሁ ሌላ አትፈልጉ። ባቡሩ መንገድ ላይ ከተበላሸ ረዳቱ በትሩን ይዞ ወደ ጣቢያ ይሄዳል፤ ሊረዳ የሚመጣው ሎኮሞቲቭ በዚያው በትር ይገባል። የተበላሸው ባቡር እስከዚያ ንቅንቅ እንዳይል ደንቡ አጥብቆ መናገር አለበት፤ ቢድን እንኳ ባለበት ይጠብቃል።

በትርና ቲኬት

ባቡሮቹ ከአንድ ወገን ሲከታተሉ አንድ በትር አይበቃም፤ የፊተኛው ይዞት ከሄደ የኋለኛው ያለ ይለፍ ይቀራል። መፍትሔው ቲኬት ነው። የፊተኞቹ ባቡሮች ነጂዎች በትሩን በዓይናቸው አይተው የጽሑፍ ቲኬት ይቀበላሉ፤ የመጨረሻው ባቡር በትሩን ራሱን ይዞ ይሄዳል። የቲኬቱ ሣጥን የሚከፈተው በበትሩ ጫፍ ባለው ቁልፍ ብቻ ስለሆነ፣ በትሩ በሌለበት ጣቢያ ቲኬት መስጠት አይቻልም። ቲኬቱ ላይ የባቡሩ ቁጥር፣ ቀን፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድና የጣቢያው ሹም ፊርማ ይሰፍራል። እንደደረሰ ወዲያው ይሰረዛል፤ ያልተሰረዘ ቲኬት ኪስ ውስጥ ሲዞር ነገ እንደ አዲስ ይለፍ ሊያሳስት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእቅድ ለውጥ ነው። ሦስት ባቡር ይሄዳል ተብሎ ሁለቱ በቲኬት ተልከው ሦስተኛው ቢሰረዝ በትሩ እዚያው ይቀራል። በሌላው ጫፍ የሚጠብቀው ባቡር መንገዱ ባዶ ሆኖ እያየው መንቀሳቀስ አይችልም፤ በትሩን በእግር፣ በፈረስ ወይም በመኪና ማድረስ ያስፈልጋል። ሌላው ድክመት የሚከታተሉትን ባቡሮች በትሩ ራሱ አለማራራቁ ነው። የኋለኛው የሚለቀቀው የፊተኛው መድረሱ በስልክ ወይም በቴሌግራፍ ሲረጋገጥ መሆን አለበት። “አሥር ደቂቃ ጠብቀህ ልቀቅ” የሚል ደንብ የፊተኛው መንገድ ላይ የቆመ ዕለት አደጋ ያመጣል።

እንዲህም ሆኖ ይህ ዘዴ ከስልክ ወይም ከቴሌግራፍ በቀር ሌላ ሽቦ ሳይፈልጉ ከሚሠሩት ሁሉ የተሻለ ነው። በብሪታንያ ቅርስ ባቡሮች ዛሬም አለ፤ የጊዜ ሰሌዳው አስቀድሞ ለሚታወቅ መስመር ይስማማል።

የጊዜ ሰሌዳና የጉዞ ትእዛዝ

አሜሪካኖች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። መስመራቸው ረጅም፣ ሰዉ የተራራቀ ስለነበር በየክፍሉ መሣሪያ ከመትከል በደንብና በወረቀት መሥራትን መረጡ። ባቡሮች በማዕረግ ይለያሉ፤ አንደኛ ደረጃው ከሁለተኛው፣ እኩል ደረጃ ካላቸው ደግሞ በደንቡ የተመረጠው አቅጣጫ ይበልጣል። ታናሹ ባቡር ታላቁ ከመድረሱ በፊት ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ይጠብቃል። ችግሩ ታላቁ ሲዘገይ ታናሹ ሰዓታት ቆሞ መዋሉ ነው። በ1851 የኢሪ ባቡር ኃላፊ ቻርልስ ማይኖት በቴሌግራፍ ትእዛዝ አስተላልፎ የሚጠብቀውን ባቡር ወደ ፊት አስኬደ፤ ከዚያ በኋላ መላ አገሩ በዚህ መሥራት ያዘ።

አሠራሩ ጥብቅ ነው። ማዕከል ያለው ዲስፓቸር (የባቡሮቹን ጉዞ የሚመራው ሰው) ትእዛዙን ለሚመለከታቸው ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ይልካል፤ ተቀባዮቹ ቃል በቃል መልሰው ያነቡለታል፤ ትክክል ከሆነ “ተፈጸመ” ብሎ ሰዓቱን ይሰጣል። ትእዛዙ በስስ ወረቀት በብዙ ቅጂ ይጻፋል። ቅጽ 31 የሚባለውን የባቡሩ አለቃ ፈርሞ መቀበል ስላለበት ባቡሩ መቆሙ አይቀርም። ቅጽ 19 ግን ያለ ፊርማ፣ በረጅም ዘንግ ቀለበት ላይ ታስሮ ለሚያልፍ ባቡር ይሰጣል። ሰዓት እዚህ ሕይወት ነው። በ1891 ኪፕተን ኦሃዮ ላይ ከደረሰው ግጭት በኋላ በሰዓት ባለሙያው በዌብ ቦል መሪነት የወጣው መለኪያ የባቡር ሠራተኛ የሚይዘው ሰዓት በሳምንት ከ30 ሴኮንድ በላይ እንዳይዛነፍ ያዝዝ ነበር።

ለኪሎ ሜትር ወጪው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ፍሰቱ ሲቀያየርም በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል። ይለፉ ግን ሙሉ በሙሉ በወረቀትና በማስታወስ ላይ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1918 ናሽቪል ቴነሲ አጠገብ ሁለት የመንገደኛ ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው 101 ሰው ሞቷል። የአንደኛው ሠራተኞች ወደ ነጠላው ሐዲድ ከመግባታቸው በፊት ታላቁ ባቡር ማለፉን ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ በጎን ያለፈን ሌላ ሎኮሞቲቭ እሱ መሰላቸው። ወረቀቱ ትክክል ነበር፣ ያነበበው ዓይን ተሳሳተ፤ ያንን የሚያስቆም ምንም ነገር በመካከል አልነበረም። በዚህ ምክንያት መንገደኛ ለሚጭን አዲስ መስመር ይህን ዘዴ ብቻውን መምከር አይገባም።

የኤሌክትሪክ ታብሌትና በትር

እንግሊዞችም በቴሌግራፍ ብቻ መሥራትን ሞክረውት ነበር። መስከረም 10 ቀን 1874 ማታ ኖርዊች አጠገብ ቶርፕ ላይ፣ ተቆጣጣሪው ገና ያልፈረመበት መልእክት በቴሌግራፍ ሠራተኛው ተላከ። ከወዲያ በኩል የፖስታው ባቡር ተነሳ፣ ከወዲህ ተቆጣጣሪው ፈጣኑን ለቀቀ፤ 25 ሰው ሞተ። ከዚህ በኋላ ኤድዋርድ ታየር በ1878 የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያ መጣ። ከብዙ ዓይነቶቹ መካከል ለነጠላ ሐዲድ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው።

ሐሳቡ የበትሩን ደኅንነት ጠብቆ እንቅፋቱን ማስወገድ ነው። በክፍሉ ሁለት ጫፎች በሽቦ የተያያዙ ሁለት ሣጥኖች ይቆማሉ፤ በውስጣቸው የክፍሉ ስም የተቀረጸባቸው ብዙ ታብሌቶች፣ ማለትም ክብ ዝርግ ሰሌዳዎች፣ አሉ። ከሁለቱ ሣጥኖች በአንድ ጊዜ መውጣት የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ‘ሀ’ ጣቢያ በደወል ‘ለ’ን ይጠይቃል፤ ‘ለ’ መስመሩ ነፃ ከሆነ ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል፤ ያኔ ብቻ የ‘ሀ’ መሳቢያ ይከፈትና አንድ ታብሌት ይወጣል። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ሁለቱም ሣጥኖች ይቆለፋሉ። ‘ለ’ ቢረሳም፣ ቢሳሳትም፣ ሹሙ ቢያዘውም ሁለተኛ ታብሌት አይወጣም። ባቡሩ ‘ለ’ ደርሶ ታብሌቱ ሣጥን ውስጥ ሲገባ መስመሩ እንደገና ነፃ ይሆናል። ስለዚህ አራት ባቡር ከአንድ ወገን ቢከታተል፣ ወይም አንዱ ቢሰረዝ፣ የሚታሰር ነገር የለም።

ዓይነቶቹ በቅርጽ ይለያያሉ። ዌብና ቶምሰን በ1880ዎቹ መጨረሻ የሠሩት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ረጅም የብረት በትር ይጠቀማል፤ ከባድ ነው፣ ግን ከሌላ ክፍል በትር ጋር ለማምታታት ያስቸግራል። በህንድ የተስፋፋው የኒል መሣሪያ ከታብሌት ይልቅ የብረት ኳስ ያወጣል። የጃፓን ታብሌቶች መሃላቸው ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን ወይም ሞላላ ቀዳዳ አላቸው፤ የአጎራባች ክፍሎች ቅርጽ ስለሚለያይ በጨለማ እንኳ በጣት ዳብሶ መለየት ይቻላል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር ሰው ከሞት ያድናል። ጥር 26 ቀን 1921 ዌልስ ውስጥ አበርሙል ጣቢያ ላይ መሣሪያው እንደሚገባው ሠርቶ ነበር። ዘገምተኛው ባቡር ካለፈበት ክፍል ይዞት የመጣውን ታብሌት አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ተቀበለው። ታብሌቱ ወደ ሣጥኑ ሳይደርስ በተተኪው የጣቢያ ሹም እጅ ገባ፤ ሹሙ ለሚቀጥለው ክፍል የወጣ አዲስ ታብሌት መሰለውና ለነጂው መለሰለት። ነጂውም ስሙን ሳያነብ ተነሳ። ከፊት የሚመጣው ፈጣን ባቡር ትክክለኛውን ታብሌት ይዞ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ 17 ሰው ሞተ። መሣሪያዎቹ ከሲግናል ቤቱ ተለይተው በጣቢያው ሕንፃ ውስጥ ስለተቀመጡ እጁ የደረሰ ሁሉ ይነካቸው ነበር። ታብሌት ለመጠቀም የሚያስብ ሁሉ ከዚህ ሦስት ነገር ይውሰድ፦ መሣሪያውን አንድ ተጠያቂ ሰው ብቻ ይንካው፤ የመነሻ ሲግናሉ የዚያ ክፍል ታብሌት ካልወጣ እንዳይከፈት ይቆለፍ፤ ነጂው የክፍሉን ስም ጮክ ብሎ ያንብብ።

የዕለት ተዕለት ጣጣዎችም አሉት። ፍሰቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ ታብሌቶቹ በአንዱ ሣጥን ይከማቻሉ፤ ጠጋኙ በመዝገብ እየፈረመ ወደ ባዶው መመለስ አለበት። በሚያልፍ ባቡር ላይ በእጅ መቀባበል እጅ ይሰብራል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይገደባል። በስኮትላንድ የማንሰን ሜካኒካል መቀባበያ ከዚህ በላቀ ፍጥነት መለዋወጥ አስችሎ ነበር። ታብሌቱ ያለበት ከረጢት ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቆ ከጠፋ ደግሞ እስኪገኝ ክፍሉ ዝግ ነው። ሽቦው ሲቆረጥ ምንም ታብሌት አይወጣም፤ ሥራ ይቆማል እንጂ አደጋ አይመጣም።

ማዕከላዊ ቁጥጥር

የሚቀጥለው እርምጃ ዕቃውን ትቶ ሐዲዱን ራሱን ምስክር ማድረግ ነው። ዊልያም ሮቢንሰን በ1872 ባወጣው ዘዴ ደካማ ኤሌክትሪክ በሁለቱ ሐዲዶች ይፈስሳል፤ የባቡሩ ጎማ ሲያገናኛቸው በዚያ ኤሌክትሪክ ተይዞ የነበረው ማብሪያ ይወድቅና ሲግናሉ ቀይ ይሆናል። ባትሪ ሲያልቅ፣ ሽቦ ሲቆረጥ ወይም ሐዲድ ሲሰበርም እንዲሁ ቀይ ነው። በ1927 ኦሃዮ ውስጥ ከስታንሊ እስከ በርዊክ፣ 64 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አንድ ሰው ከአንድ ጠረጴዛ ሁሉንም መቀየሪያና ሲግናል ማንቀሳቀስ ጀመረ። ባቡሮቹ ለይለፍ አይቆሙም፤ በየጣቢያው ሹም አያስፈልግም።

ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ሽቦ፣ ማብሪያ፣ ሞተር ያለው መቀየሪያና የማያቋርጥ ኃይል በመስመሩ ሙሉ ይፈለጋል። ባቡር እምብዛም የማያልፍበት ሐዲድ ሲዝግ ጎማው ኤሌክትሪኩን ላያገናኝና ባቡሩ ላይታይ ይችላል፤ ሊፈራ የሚገባው ብልሽት ይህ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የአክስል ቆጣሪ ይሻላል፤ የገባውንና የወጣውን ጎማ ይቆጥራል። ሲሳሳት ወደ ዜሮ የሚመልሰው ሰው መስመሩ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳይመልስ ደንብ ያስፈልገዋል።

የሬዲዮ ይለፍ

ከ1984 ጀምሮ ስኮትላንድ ውስጥ ከዲንግዎል ወደ ካይል የሚሄደው መስመር ታብሌቱን ወደ ሬዲዮ ቀየረው። የማዕከሉ ኮምፒዩተር ይለፉን ነጂው ክፍል ውስጥ ባለ ስክሪን ላይ ይልካል፤ ለአንድ ክፍል ከአንድ በላይ አይሰጥም። መቀየሪያዎቹን ባቡሩ ራሱ እየገፋ ያልፋል፣ ስለዚህ ወደ ጣቢያ የሚገባው በዝግታ ነው። ባቡር ለሚያንስበትና ጣቢያው ለሚራራቅበት ረጅም መስመር ተስማሚ ነው፤ ተራራ ሬዲዮውን እንዳይጋርደው ግን አስቀድሞ መለካት አለበት።

| ዘዴ | ስህተትን የሚያስቆመው | አቅም | የጣቢያ ሠራተኛ | መሣሪያና ሽቦ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| አንድ ባቡር ብቻ | ሁለተኛ ባቡር አለመኖሩ | በጣም ዝቅተኛ | የለም | የለም | ለትራፊክ እድገት ቦታ የለውም |
| በትርና ቲኬት | በትሩና የሣጥኑ ቁልፍ | መካከለኛ | በየጫፉ | ስልክ ብቻ | በትሩ ከባቡሩ ተቃራኒ ጫፍ መቅረት |
| የጉዞ ትእዛዝ | ምንም፤ ደንብ ማክበር ብቻ | መካከለኛ | በብዙ ጣቢያዎች | ስልክ ወይም ቴሌግራፍ | የተረሳ ወይም በስህተት የተነበበ ትእዛዝ |
| ኤሌክትሪክ ታብሌት | የተጣመሩት ሣጥኖች | ጥሩ | በየመተላለፊያው፣ በየፈረቃው | ሣጥንና ሽቦ በየክፍሉ | የርክክቡ ቅጽበት |
| ማዕከላዊ ቁጥጥር | የሐዲዱ ዑደት | ከፍተኛ | ማዕከል ብቻ | ከፍተኛ፣ በመስመሩ ሙሉ | ዝገት፣ ኃይል መቋረጥ |
| የሬዲዮ ይለፍ | ኮምፒዩተሩ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ማዕከል ብቻ | ሬዲዮና የባቡር ውስጥ ስክሪን | የሬዲዮ ጥላ፣ ዝግታ |

ለየትኛው መስመር የትኛው?

እስከ 15 ኪሎ ሜትር ለሚሆን የፋብሪካ ወይም የቱሪስት መስመር አንድ በትር ይበቃል፤ የተረፈው ገንዘብ ለሐዲድ ጥገና ይዋል። በበዓላት ቀን ሁለት ባቡር ካስፈለገ መሃል ላይ መተላለፊያ ሠርቶ ለሁለቱ ክፍሎች በቀለምም በቅርጽም የሚለያዩ ሁለት በትሮች መስጠት ይሻላል። ቲኬት የሚጨመረው ባቡሮች በእርግጥ የሚከታተሉ ከሆነ ብቻ ነው።

ሠራተኛ በየጣቢያው ላለውና በጀቱ ለጠበበ፣ በቀን ከአሥር እስከ ሠላሳ ባቡር ለሚያስተናግድ መስመር ታብሌት ወይም የኤሌክትሪክ በትር ከወጪው አንጻር የሚወዳደረው የለም። አሮጌ መሣሪያ ሲገዛ ግን መለዋወጫውን አብሮ መግዛትና ሁለት ሰው ጥገናውን ማሠልጠን ግድ ነው። ደመወዝ ውድ በሆነበት፣ ባቡሩም በበዛበት አገር ማዕከላዊ ቁጥጥር ወጪውን ይመልሳል። ረጅም፣ ባቡር የሚያንስበት፣ የመዳብ ሽቦ የሚሰረቅበት መስመር ደግሞ ወደ ሬዲዮ ያድላ።

የትኛውም ቢመረጥ የመጠባበቂያ ደንቡ አብሮ ይጻፍ። የካቲት 9 ቀን 2016 ጀርመን ባድ አይብሊንግ ላይ መሣሪያው ሁለተኛውን ባቡር ከልክሎ ነበር፤ ስልኩ ላይ ጨዋታ ይጫወት የነበረው ተቆጣጣሪ በልዩ ሲግናል ከልካዩን አልፎ ለቀቀው፣ 12 ሰው ሞተ። መሣሪያን ማለፍ የሚያስችል ቁልፍ ካለ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይጠቀምበት ይደረግ።

ለመጠባበቂያ ከሁሉ የተፈተነው የአጃቢ ሰው ዘዴ ነው። በክፍሉ አንድ ሰው ብቻ ይሾማል፤ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ስሙና የተጀመረበት ሰዓት በሁለቱም ጣቢያዎች መዝገብ ሰፍሮ ሁለቱም ሹሞች ይፈርማሉ። ነጂ እሱን በአካል ሳያይ አይነሳም። ተከታታይ ባቡር ካለ ለፊተኞቹ በእጁ ቲኬት ጽፎ ይሰጣል፣ በመጨረሻው ራሱ ይሳፈራል። መሣሪያው ቢጠገን እንኳ አጃቢው የመጨረሻውን ባቡር አድርሶ፣ ክፍሉ ባዶ መሆኑን በራሱ ፊርማ ለሁለቱም ጣቢያዎች እስኪያረጋግጥ ድረስ ታብሌት አይወጣም።